በዎከር የሚሄደው ልጄ ኬጂ ሊጀምር ነው፤ ሞግዚቱ አብራው ትግባ?

ጥያቄ፦ «ልጄ 4 ዓመት ከ5 ወሩ ነው። ያለጊዜው ነው የተወለደው። ሴሬብራል ፓልሲ እንዳለበት የነገሩን ገና ዓመት ሳይሞላው ነበር። እግሮቹ ይገተሩበታል፣ የሚሄደው በዎከር (ባለ ጎማ መደገፊያ ይዞ) ነው። ንግግሩ ትንሽ ይጎተታል እንጂ የተባለውን ሁሉ ይረዳል። ሰፈራችን ያለ አንድ የግል ኬጂ ከመስከረም ጀምሮ ሊቀበለው ተስማምቷል። ግን ሦስት ነገር ጠየቁን። የራሱ ሞግዚት ቀኑን ሙሉ ከጎኑ እንድትሆን፣ ከእኩዮቹ ጋር ሳይሆን ከ3 ዓመት ልጆች ጋር ነርሰሪ እንዲገባ፣ የመጀመሪያው ወር ደግሞ ‹ሙከራ› እንዲሆን። አማቴ ‹ሰው እጅ ላይ ጥለሽ ልታሰቃዪው ነው› ይላሉ። ባለቤቴ ይግባ ባይ ነው። እኔ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?»
የአንድ ልጅ እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ፣ ይግባ። በዚህ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ።

ትምህርት ቤቱ ከጠየቃችሁ ሦስት ነገር ግን አንዱንም እንዳለ አትቀበዪ። በተለይ የሞግዚቷን። እኔ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ኬጂዎችና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየዞርኩ መምህራንን ማገዝ ነው። አብዛኛው ወላጅ የሚጨነቀው በደረጃውና በሽንት ቤቱ ነው። እሱ በሲሚንቶና በእንጨት ይፈታል። የልጁን ውሎ ሲያበላሽ ደጋግሜ የማየው ከጎኑ የተቀመጠ፣ ልበ ደግ የሆነ ትልቅ ሰው ነው።

አማትሽን በክፉ አትያቸው። እሳቸው በሚያውቁት ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ ቤት ነበር የሚውለው። ያዩትን ነው የሚናገሩት። መስከረም ላይ አንድ ቀን ይዘሻቸው ሂጂና በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ይቀመጡ። ከዚያ ወዲያ አትከራከሪያቸው።

ወደ ትምህርት ቤቱ ከመሄድሽ በፊት ስለ ሕመሙ ለዳይሬክተሯ በአጭሩ ማስረዳት ቻዪ። ችግሩ የጡንቻ አይደለም። እንቅስቃሴን የሚያዝዘው የአእምሮ ክፍል ላይ ከመወለዱ በፊት፣ በምጥ ሰዓት ወይም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የደረሰ ጉዳት ነው። አይተላለፍም። የአእምሮው ጉዳት ራሱ እየሰፋ አይሄድም። ያለጊዜያቸው በተወለዱ ልጆች ላይ አዘውትሮ የሚታየው ዓይነት ሁለቱን እግር የሚገትር ነው፤ እጅን ብዙም አይነካ ይሆናል። ከእግሩ ተነስቶ ጭንቅላቱን መገመት አይቻልም። አንቺ «የተባለውን ሁሉ ይረዳል» ካልሽ፣ መምህርቷም ከዚያ ትጀምር።

አሁን ወደ ሞግዚቷ።

አንድ ኬጂ ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ። ልጅቷ እንደ ልጅሽ በዎከር የምትሄድ ናት። ሞግዚቷ እንደ ነፍሷ ነው የምትወዳት። ከጎኗ በልጆች ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ጉልበቷ ጠረጴዛውን አልፎ። ልጆቹ ፕላስቲክ ኪዩብ እየተቀባበሉ ፎቅ ይሠራሉ። ተራው የልጅቷ ሲሆን ጎኗ ያለው ልጅ ኪዩቡን ዘረጋ። የዘረጋው ለሞግዚቷ ነው። ሞግዚቷ ተቀበለችና ፎቁ ላይ አስቀመጠችው። «ጎበዝ!» አለቻት ልጅቷን። ልጅቷ ምንም አልሠራችም። ቀጣዩ ልጅ ቀጠለ።

ማንም ክፉ አላደረገም። ግን ልጁ የተጫወተው ከሞግዚቷ ጋር ነው።

ቀኑን ሙሉ የሚሆነው ይኸው ነው። መምህርቷ «ውሃ ጠማው እንዴ?» ብላ የምትጠይቀው ሞግዚቷን ይሆናል። የልጅሽ ንግግር ዝግ ያለ ስለሆነ እሱ ቃሉን እስኪያወጣ ሞግዚቷ ትጨርስለታለች። ሁለት ወር ሳይሞላ እሱም መናገር ይተዋል። ለምን ይድከም? ልጆቹም አጠገቡ አይቀመጡም፣ ምክንያቱም ከትልቅ ሰው አጠገብ መረበሽ አይቻልም። በ4 ዓመት ደግሞ ጓደኝነት ማለት አብሮ መረበሽ ነው።

ስለዚህ ዳይሬክተሯን እንዲህ በያት። «ልጄ ቀኑን ሙሉ ሰው አያስፈልገውም። ሰው የሚያስፈልገው ሽንት ቤት ሲሄድ፣ ከወንበር ሲነሳና ሲቀመጥ፣ ከክፍል ወደ ሜዳ ሲወጣና ሲገባ ነው።» ብዙ ኬጂዎች ከመምህርቷ ሌላ ረዳት አላቸው። እነዚህን ሰዓቶች ረዳቷ ትያዛቸው። ተደምረው ብዙ አይሆኑም። ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስታሳያት ዳይሬክተሯም ትረጋጋለች። ብዙ ጊዜ «ሞግዚት አምጡ» የሚያስብለው ፍርሃት ነው፤ ልጁ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል የሚለው።

ይወድቃል ደግሞ። እሱን ከአሁኑ ንገሪያት። «ቤትም ይወድቃል፣ ስለወደቀ አልከሳችሁም» በያት። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሐኪም ወረቀት በላይ በር ስትከፍት አይቻለሁ።

ያም ሆኖ «ያለ ሞግዚት አይሆንም» ካሉ፣ በሩን ዘግተሽ አትውጪ። ትግባ። ግን የክፍሉ እንጂ የእሱ አትሁን። ከኋላ ትቀመጥ። የሁሉንም ልጆች ምሳ ዕቃ ትክፈት፣ የሁሉንም ጫማ ትሰር። ደሞዟን የምትከፍዪው አንቺ ብትሆኚም ክፍል ውስጥ የምታዛት መምህርቷ ትሁን። የምትወጣበትም ቀን ይቆረጥ፤ ለምሳሌ እስከ መስቀል። ቀን ያልተቆረጠላት ሞግዚት እስከ ሰኔ ትቀመጣለች። ለሞግዚቷ ደግሞ አንድ ነገር አስጠኚያት። ልጁ መናገር ሲጀምር በሆዷ እስከ አስር ትቁጠር። ከዚያ በፊት አፏን አትክፈት።

አንድ ነገር ላብራራ፣ ሌላም ወላጅ ያነበዋልና። ሰው ከጎናቸው ሊለይ የማይገባ ልጆች አሉ። ሲበሉ የሚያንቃቸው፣ ቶሎ ቶሎ የሚጥላቸው፣ ያለ ድጋፍ ቁጭ ማለት የማይችሉ። ለእነሱ የምሰጠው ምክር ይህ አይደለም። የጻፍሽልኝን ሳየው ልጅሽ ከእነሱ ውስጥ አይደለም።

ነርሰሪ ስለመግባቱ፦ አይሆንም። ከእኩዮቹ ጋር ይግባ። የ3 ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ ገና ለየብቻው ነው የሚጫወተው። ልጅሽ የሚያስፈልገው ከእሱ ጋር የሚያወራ፣ «እኔ ሐኪም ልሁን፣ አንተ ታመም» የሚለው ልጅ ነው። ቋንቋውን የሚጎትቱለት እነሱ ናቸው። «ትንንሾቹ አይገፉትም» ይሉሻል። ይገፉታል፣ ያውም ሳያዩ። የ4 እና የ5 ዓመት ልጅ ግን «እዚህ ጋ ዎከር አለ» ስትይው ይገባዋል። ደግሞ ልጅ በእግሩ ምክንያት አንድ ዓመት ወደኋላ ቢገባ ለከርሞ እግሩ አይፈታለትም። ከርሞስ የት ሊያስገቡት ነው? ነርሰሪው ምድር ቤት ስለሆነና የእሱ ክፍል ፎቅ ላይ ስለሆነ ከሆነ ያሉት፣ ክፍሎቹ ይቀያየሩ። ይህ ለእነሱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

«ሙከራ» የሚለውን ደግሞ በፈገግታ ጠይቂ፦ ሌሎቹ ልጆችም ሙከራ አለባቸው? ከሌለባቸው የእሱም አይኑርበት። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 የሚለው አካል ጉዳተኛ ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት አይገለል፣ የሚያስፈልገው ማመቻቸትም ይደረግለት ነው። የሕንፃ አዋጁም ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆን ያዝዛል። እነዚህን እወቂያቸው እንጂ በመጀመሪያው ቀን አትምዘዣቸው። ልጅሽን አዋጅ አይይዘውም፣ መምህርቷ ናት የምትይዘው። በ«ሙከራ» ፈንታ ከ4 ሳምንት በኋላ አብራችሁ የምትቀመጡበት ቀን ቁረጡ፤ አንቺ፣ መምህርቷና ረዳቷ። ጥያቄው «ይቆይ ወይስ ይውጣ» አይሁን። «ምን እንቀይርለት» ይሁን። አሻፈረኝ ካሉ ግን ወደ ወረዳችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። የአካቶ ትምህርት (አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብረው የሚማሩበት) ድጋፍ መስጫ ማዕከል ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አቅራቢያሽ ካለም ይጠቁሙሻል። እዚያ ክፍሉ ሊጨናነቅ ይችላል፤ በሌላ በኩል የሠለጠነ ሰው ታገኚ ይሆናል።

አሁን ወደ ወንበሩ ልምጣ። ስለ ወንበር ማውራት እወዳለሁ፣ ታገሺኝ።

ኬጂ ስትሄጂ ልጅሽን የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀምጪውና እግሩን እዪ። የእግሩ መዳፍ ወለሉን በሙሉ ካልነካ ወንበሩ አይሆነውም። እግሩ ሲንጠለጠል ሰውነቱ ሚዛን ፍለጋ ይገተራል። እግሩ ሲገተር ዳሌው ወደፊት ይንሸራተታል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ እጁም ጠረጴዛውን ጨምድዶ ይይዛል። በዚያ እጅ እርሳስ ሊይዝ አይችልም። መምህርቷም «እጁም ችግር አለበት» ብላ ትጽፋለች! መፍትሔው ከእግሩ ሥር የሚገባ የእንጨት ሳጥን ወይም በፕላስተር የታሰረ የድሮ መጽሐፍ ክምር ነው። ዳሌው የወንበሩ መደገፊያ ድረስ ይጠጋ፣ ጉልበቱና ዳሌው ወደ 90 ዲግሪ ይታጠፉ፣ ጠረጴዛው ክርኑ ላይ ይድረስ። አናጺ በትንሽ ገንዘብ የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር ይሠራልሻል። እሱ ግን ከሌሎቹ ወንበር ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ይቀባ።

ምንጣፉም አለ። ኬጂ ውስጥ ተረትና መዝሙር ምንጣፍ ላይ ነው። እግሮቻቸው የሚገተሩ ልጆች እግር ዘርግተው መቀመጥ ይከብዳቸዋል፤ ከጭኑ ኋላ ያለው ጡንቻ ስለሚያጥር ወደ ኋላ ይጥላቸዋል። ወይ ጀርባው ግድግዳ ይደገፍ፣ ወይ አጭር ዱካ ይሰጠው። ዱካው ላይ ሁለት ሌላ ልጅም ይቀመጥ፣ በየተራ። ያኔ የእሱ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ግቢውን ዞር ብለሽ እዪ። የግል ኬጂዎቻችን ብዙዎቹ የተከራዩት ቪላ ነው። መግቢያው ላይ ሁለት ሦስት ደረጃ አለ፣ ግቢው ኮብልስቶን ነው። የዎከር ትንንሽ ጎማ ኮብልስቶን መሃል ይቀረቀራል። ለደረጃው ረዘም ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ የሲሚንቶ መንገድ ይበቃል፤ አጭርና ቀጥ ያለ ከሆነ ከደረጃው ይብሳል። ኮብልስቶኑ ላይ ትልቅ ጎማ ያለው ዎከር ይሻላል። አሁን ሐምሌ ነው፣ ጊዜ አለሽ። እግሩ ላይ የሚታሰር የፕላስቲክ መደገፊያ የሚያደርግ ከሆነ ከመስከረም በፊት ይታይለት፤ በክረምት ልጅ ያድጋል፣ ጠባብ መደገፊያ ደግሞ ይልጣል። እስካሁን የሚከታተለው ከሌለ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች የሚያግዙትን ቼሻየርን ወይም ኪዩር ሆስፒታልን ጠይቂ።

ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ለእሱ አይሆንም። በላዩ የሚቀመጥ ቀዳዳ ያለው ወንበር አሠሪ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የሚይዘው ብረት ይመታ። እረፍት ሲደወል ሁሉም ስለሚጋፉ እሱ ከደወሉ 5 ደቂቃ ቀድሞ ይሂድ። ስለ ደወል ካነሳን፣ እንደ እሱ ያሉ ብዙ ልጆች በድንገተኛ ድምፅ ሙሉ ሰውነታቸው ይደነግጣል፤ ቆመው ከሆነ ይወድቃሉ። ደወሉ የብረት ቁራጭ ከሆነ ከሱ ራቅ ያለ ቦታ ይሰለፍ።

የጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራ እስኪሰቀል መቆም ለእሱ ከባድ ሥራ ነው። ሲሄድም ሲቆምም ከሌሎቹ እጅግ የበለጠ ጉልበት ያወጣል። ጉልበቱን ሰልፍ ላይ ከጨረሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል ውስጥ ይተኛል፣ ከዚያ «አይከታተልም» ይባላል። ሰልፉ ላይ ወንበር ይሰጠው። መዝሙሩን ተቀምጦም ይዘምራል።

ጉልበቱን የምናስቀምጥለት ለእረፍት ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግማሽ ቀን ይዋል ብትሉ እስማማለሁ፤ ግን ግማሹ ቀን እረፍቱን ይዞ ይሁን። ብዙ ትምህርት ቤቶች «እንዳይጎዳ» ብለው ልክ እረፍት ሲደርስ እናቱን ይጠሯታል። ትምህርቱን ይማራል፣ ጨዋታውን አያይም። ከሁለቱ አንዱን አስቀሪ ብባል የማስቀረው ትምህርቱን ነው።

ምሳ ዕቃው ላይ አንድ ዘዴ። እንጀራ ቆርሶ ወጥ መጠቅለል ሁለት እጅና ብዙ ጣት ይፈልጋል። አንቺ ቤት ጥቅልል አድርገሽ በአጭሩ ቆርጠሽ ላኪለት፣ አንስቶ ይበላዋል። ካላደረግሽው ረዳቷ ታጎርሰዋለች። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ ግን በየቀኑ ከሆነ እጁ ሥራ ይፈታል። ማጉረስ ግድ ከሆነ አገጩን ወደ ላይ ቀና አድርገው አያጉርሱት፣ ያንቀዋል።

ጽሕፈትን በተመለከተ ከመምህርቷ ጋር ትንሽ ትጋጪ ይሆናል። ኬጂዎቻችን ፊደልና ኤቢሲዲ በሁለት ደብተር ሙሉ ያስጽፋሉ፣ የቤት ሥራውም ከልጆቹ ዕድሜ በላይ ነው። (ለየትኛውም ልጅ አይመከርም፣ ግን እሱ ሌላ ቀን።) ልጅሽ ፊደል ማወቁ በጽሕፈቱ አይለካ። ካርድ ዘርግታ «መ የቱ ነው?» ትበለው፣ ይጠቁም። ከአንድ ገጽ ይልቅ አንድ መስመር ይጻፍ። እርሳሱ ወፍራም ይሁን ወይም ስፖንጅ ይጠቅለልበት።

ልጆቹ ይጠይቃሉ። «ለምን አይሮጥም?» ይላሉ። መምህርቷ «ነውር ነው፣ ዝም በሉ» እንዳትል አስቀድመሽ ንገሪያት። ዝም የተባለ ልጅ ከዎከሩ ይልቅ መምህርቷን ይፈራል፣ ሁለተኛ አጠገቡ አይደርስም። «እግሩ ቶሎ አይታዘዝለትም። በዚህ ነው የሚሄደው» ብትል ይበቃል። ዎከሩን መንዳት ይፈልጋሉ፣ የማይቀር ነው። አንድ ቀን ሁሉም በየተራ ይንኩት፣ ከዚያ «ዎከሩ የእሱ እግር ነው፣ ሳይፈቅድ አይወሰድም» ይባል። ሕጉን ራሱ ልጅሽ ቢናገረው ይመረጣል። ሲናገርም እስኪጨርስ ይጠብቁት።

ለትምህርት ቤቱ አንድ ገጽ ጽፈሽ ስጪ፣ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። እንዴት እንደሚነሳ (ክንዱን ሳይጎትቱ)፣ ሽንቱ ሲመጣ ምን እንደሚል፣ ሲደክመው ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚያስቀው። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ከአራት ልጆች አንዱ ገደማ የሚጥል በሽታም አለበት። ልጅሽ አንድም ቀን ጥሎት የሚያውቅ ከሆነ ይህንንም ጻፊ፦ በጎኑ ያስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ፣ ክብሪት ለኩሰው አያሽትቱት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል። ክብሪቱን የምለው ቀልድ አይደለም፣ ዛሬም የሚያደርጉት አሉ።

ነሐሴ መጨረሻ ወይም ጳጉሜ ላይ ግቢው ባዶ ሲሆን ይዘሽው ሂጂ። ክፍሉን፣ ወንበሩን፣ ሽንት ቤቱን ይሞክር። ከመምህርቷ ጋር ይተዋወቅ። መስከረም ላይ ያለቅሳል። ሁሉም ያለቅሳሉ። የእሱን ልቅሶ ከእግሩ ጋር አታያይዢው። ተደብቀሽ አትጥፊ፤ «ምሳህን ስትበላ እመጣለሁ» ብለሽ፣ ስመሽው ውጪ። ባልሽው ሰዓት ተገኚ።

ሰርቪሱን አልጠየቅሽኝም፣ ግን ትጠይቂያለሽ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ራሳችሁ አድርሱት። በር ላይ ከመምህርቷ ጋር የምትለዋወጡት ሁለት ደቂቃ ብዙ ነገር ይነግርሻል፤ ምን በላ፣ ከማን ጋር ተጣላ። በሁለተኛው ሴሚስተር ወደ ሰርቪስ ከገባ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ይያዝለት፣ ቀበቶ ይኑረው፣ ዎከሩም መኪና ላይ የሚጫንበት ቦታ እንዳለ ቀድመሽ ከሾፌሩ ጋር ተነጋገሪ። የማይታጠፍ ዎከር ከሆነ ሰርቪሱ ውስጥ አይገባም፤ ሁለተኛ፣ አሮጌም ቢሆን፣ ትምህርት ቤት የሚያድር ፈልጊለት።